የእርሳስ ጥይት ለአባቴ

ጎማ ሚዛኑ ሲስተካከል ከቸርኬው ጠርዝ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ እርሳስ አለች። ባለመኪናው መኖሯንም አያውቅ፤ ጎማ ጠጋኙም ጎማ ሲቀይር ነቅሎ ይጥላታል። እኔ ካርቱም፣ ጀብራ ውስጥ ጎማ ጠጋኝ ነበርኩ። ሱዳኖች እንዲህ ያለውን ሱቅ በንሸር ይሉታል። በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንድ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ በአሮጌ ፒካፕ መጡና ጎማቸው እስኪነፋ ድረስ እርሳስ የማጠራቅምበትን የቀለም ቆርቆሮ በከዘራቸው ጫፍ ሲጎረጉሩ ቆዩ።

«ያ ወለዲ፣ ይህን ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«እጥለዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ላይ ጣለው» አሉና ሳቁ።

በዚያ ሙቀት የሰው ቀልድ አይጥመኝም። ለዓሣ መረብ ማስጠሚያ ፈልገውት ይሆናል ብዬ ቆርቆሮውን ፒካፑ ላይ ገለበጥኩላቸው። በሌላ ሳምንት ተመልሰው ሲመጡ ግን መጠየቄ አልቀረም። «ለጠመንጃ ነው» አሉኝ፣ ስኳሩ ለሻይ ነው እንደሚል ሰው ቀለል አድርገው።

እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከመተማ በላይ ባለው አገር ነው። እዚያ ጠመንጃ የሌለው ወንድ ሰርግም ላይ ለቅሶም ላይ ጥግ ይዞ ነው የሚቀመጠው። አባቴ ከአባቱ የወረሰው ምንሽር ነበረው። ሲወለውለው ከጎኑ ቁጭ ብዬ ጨርቁን አቀብለዋለሁ፤ መተኮስ ግን «ገና ነህ» እያለ አላስተማረኝም። ጢሜ ብቅ ሲል ሱዳን ልሂድ አልኩት። ከብዙ ቀን በኋላ የመንገዴን ገንዘብ ይዞልኝ መጣ። «በሬ ሸጬ ነው» አለኝ፤ አመንኩት።

እና ጠመንጃ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ሽማግሌው ይህን ከፊቴ ላይ አይተውት ኖሮ «አርብ ና፣ ላሳይህ» ብለው ዐማራት ሰፈር ያለው ቤታቸው በየትኛው መንገድ እንደሚገኝ ነገሩኝ። መካ ደርሰው የመጡ ስለነበሩ ያ ሐጅ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የምንነጋገረው በአረብኛ ነው፤ የኔ አረብኛ የገበያ፣ የእርሳቸው የተማረ ሰው። ሲሰለቻቸው ያርሙኛል፣ እኔም ሲሰለቸኝ እያወቅሁ እሳሳታለሁ።

ጠመንጃው ከመኝታ ቤታቸው ቁም ሣጥን በስተኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በርሜሉ ረጅም ነው፣ እንጨቱ ከእጅ ወዝ የተነሣ ጠቁሯል። ጥይት ከሚጎርስበት በላይ ብረቱ ላይ ክብ አበባ ተቀርጾበታል። ጠመንጃ ላይ አበባ አይቼ አላውቅም። «ጃፓን ነው። አበባዋ የንጉሣቸው ምልክት ናት» አሉኝ። ጃፓን ማለት ለኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሃይሉክስ ነበር። አባታቸው ባሕር ተሻግሮ ከሒጃዝ፣ ከመካ አገር፣ ከመጣ ነጋዴ ላይ በግመል ለውጠው ነው የወሰዱት። ከጃፓን ሒጃዝ ምን እንዳመጣው ለሚጠይቃቸው ሰው ሐጁ ብዙ ዓይነት ታሪክ ነበራቸው። ታሪኩ በየጊዜው ይለዋወጣል፣ እኔም እንደ አዲስ እሰማቸዋለሁ።

የጠመንጃው ችግር ጥይቱ ነው። የፋብሪካ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። ሐጁ ጡረታ የወጡ መሬት ለኪ ናቸውና ትዕግሥት ከሥራቸው ያመጡት ጠባይ ነበር። የተተኮሱ ቀለሆችን ከየትም ለቅመው፣ አንዱን ቀለህ ደጋግመው እየሞሉ፣ አረሩን ደግሞ ከእርሳስ ራሳቸው ያፈሱታል። ባሩዱን ከልኩ በታች ነው የሚያደርጉት። «እንደኔ አርጅቷል፣ ከጫንኩበት ይፈነዳል። ቀስ እያልን እንኖራለን» ይላሉ። ስለዚህ ተኩሱ እንደ ሌላው ጠመንጃ አያስደነግጥም፤ ጥፊ ያህል ድምፅ ነበረው።

ጓሮ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ከሰል ይያያዝና እርሳሱ በብረት መጥበሻ ይጣዳል። መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይሸነፋል። ከላይ የሚንሳፈፈውን እድፍ የምንገፋበት ማንኪያ የባለቤታቸው ነበር። ባለቤታቸው ይህን ባወቁ ዕለት ከኩሽናው መስኮት ያወረዱብን ስድብ እስካሁን ግማሹ አልገባኝም። የሻማ ቁራጭ ጣል ስናደርግበት ይጨስና እርሳሱ ይጠራል። ቅርጽ ማውጫው እንደ ጉጠት ሁለት እጀታ ያለው ብረት ነው፤ ሲገጥም በመሃሉ የአረር ጉድጓድ ይሠራል። ብረቱ ካልሞቀ አረሩ ተጨማዶ ይወጣልና የመጀመሪያዎቹን መልሰን እናቀልጣቸዋለን። «የበኩር ልጅ እንዲህ ነው፣ መልሰህ ካላቀለጥከው አይሆንም» አሉኝ አንዴ፣ እኔ በኩር መሆኔን ያውቁ ስለነበር።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። በውኃ ጠብታ። የቀለጠ እርሳስ ላይ አንዲት ጠብታ ካረፈች ይፈነዳና ዓይን ያጠፋል። ካርቱም ላይ፣ ያውም ከሰል አጠገብ ጎንበስ ብሎ ላብ አለማንጠባጠብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሐጁ ጥምጣማቸውን ግንባራቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያስራሉ፤ ለኔም አሮጌ ፎጣ ቀደው ሰጡኝ። ሁለታችን ታስረን መጥበሻው ላይ ስናፈጥ ያየን ሰው ራስ ምታት የያዘን ይመስለዋል።

አርብ አርብ ከሶላት በኋላ ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ወዳለው በረሃ እንወጣለን። ሐጁ የጠመንጃ ፈቃዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ይይዛሉ። ኬላ ላይ ያሉት ወታደሮች አበባዋን ሲያዩ ይስቁና «ያላ» ብለው ያሳልፉናል። ካርቶን ላይ በከሰል ክብ ሥለን የአሸዋ ቁልል ፊት እናቆምና ተራ በተራ በደረታችን ተኝተን እንተኩሳለን።

መጀመሪያ ሰሞን ካርቶኑ ላይ የምናገኘው ቀዳዳ ክብ አልነበረም፤ የገብስ ቅንጣት ይመስላል፣ ረዘም ያለ። አረሩ አየር ላይ እየተገለባበጠ በጎኑ ነበር የሚመታው። ሐጁ ስንት አርብ ሙሉ በዚህ ተብሰለሰሉ። በኋላ ደረሱበት። የዚያ ጠመንጃ በርሜል ውስጡ ሰፋ ያለ ነው፣ አረራችን ደግሞ ቀጭን፤ የበርሜሉ ጥርስ ሳይዘው ነው ሾልኮ የሚወጣው። ከባለቤታቸው ኩሽና ምግብ የሚጠቀለልበትን አሉሚኒየም ወረቀት ቀደዱና በቅርጽ ማውጫው ሁለት ክፋዮች መሃል ለጠፉት፣ ጥቂት እንዲከፈት። አረሩ በፀጉር ያህል ወፈረ። በሚቀጥለው አርብ ካርቶኑ ላይ ክብ ቀዳዳ ስናገኝ ሐጁ ጣታቸውን እላዩ ላይ አድርገው ብዙ ቆሙ። አንሥተው ለባለቤታቸው ሊያሳዩ ካርቶኑን ወደ ቤት ወሰዱት።

ክቡ ቀዳዳ የእርሳቸው ነው። የኔ ጥይት ካርቶኑንም አያገኘውም ነበር። ቶሎ የሚግለኝ ሰው ነኝ፤ ዒላማ ስስት ጠመንጃውን እሰድባለሁ፣ ነፋሱን እሰድባለሁ። ሐጁ አጠገቤ ተንበርክከው መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ ያደርጋሉ። «ትንፋሽህን ግማሹን አውጣ፣ ግማሹን ለራስህ አስቀር። ምላጩን አትጎትተው፣ ጠብቀው» ይሉኛል። ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ይከብዳል፣ ያሳርፋልም። እወዳቸው ነበር። ሌላ ቃል የለኝም።

ይህን ሁሉ ለአባቴ በስልክ እነግረዋለሁ። የእኛ አገር የስልክ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ከብቱ ደህና፣ ቡቃያው ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና። በስተመጨረሻ «ምንሽሩስ?» እለዋለሁ። «ደህና ነው» ይለኛል። ስለ ሐጁ ጠመንጃ ግን ሰምቶ አይጠግብም። አበባዋ ምን ያህል ትሆናለች? እርሳሱ ሲቀልጥ ምን ይሸታል? ሽማግሌው ከነዕድሜያቸው ዓይናቸው እንዴት ቻለ? ከዚያ «አንተስ መታህ?» ይላል።

«ገና ነኝ።»

«ልመድ እንጂ ልጄ። እኔን የምትሸኘኝ አንተ ነህ። አደራ።»

በእኛ አገር አባት ሲሞት ለቅሶው ላይ ወንድ ልጅ ይፎክራል፣ የአባቱን ሥራ ይጠራል፣ ይተኩሳል። ያልተተኮሰለት ሰው ሳይሸኝ እንደ ሄደ ይቆጠራል። አባቴ አደራ ሲለኝ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ «አንተ ገና ብዙ ታርሳለህ» እያልኩ እስቃለሁ። እሱም አብሮኝ ይስቅ ነበር።

ሲሞት ከሁሉም በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ። በእኛ ወግ ሰው አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም፣ በሥራ መሃልም አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ይመክራል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው በር ያንኳኳሉ። መርዶ ይህ ነው። ከሱቄ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካይ የሆነ የአገሬ ልጅ ነበር፣ መንደራችን የሚዋሰን። ወሬው ለእሱ ደረሰውና ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሆኖ እሁድ ማለዳ ሊያረዱኝ ተነጋገሩ። በመሃሉ አርብ አለ። አርብ በረሃ ውዬ እንዳልደክም ብሎ ሐጁን ፈልጎ አገኛቸውና «አባቱ ሞቷል፣ በዚህ አርብ አይውሰዱት» አላቸው።

አይንገሩት ማለት አልታየውም። ይህ ለሰው ይነገራል? ማንም የሚያውቀው ነው። ሐጁም በበኩላቸው ጎረቤት የሰማውን ሞት ልጅ አልሰማም የሚል ሐሳብ በሕልማቸውም አይመጣላቸውም። በእርሳቸው አገር ሰው ሲሞት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም ይደርሳል። እንዲያውም እስካሁን አለመምጣታቸው አሳፍሯቸው በቀጥታ ወደ ሱቄ ነዱ።

የተበሳ ጎማ ገንዳ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ስፈልግ ነው የደረሱት። ሰላም ሳይሉኝ ፊቴ ቆመው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አልፋትሓ» አሉ። ሱዳን የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ መዳፍ እንዲያ የሚዘረጋው ለሞተ ሰው ነው። እኔ የእርሳቸው ዘመድ የሞተ መሰለኝ። አክብሬ እርጥብ እጄን ዘረጋሁ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጠበቅሁና ፊታቸውን ሲያብሱ እኔም ፊቴን አበስኩ። ከዚያ «ያ ሐጅ፣ ማን ሞተብዎት?» አልኳቸው።

ሐጁ አዩኝ። ከፀጉር ቤቱ በር ላይ የአገሬ ልጅ፣ ደንበኛውን በግማሽ ላጭቶ ትቶ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ያኔ ገባኝ።

«አባቴ ነው?» አልኩ። በአማርኛ ነበር ያልኩት። ሐጁ አማርኛ አይችሉም፤ ግን ስበው ደረታቸው ላይ ለጠፉኝ። ያ ነጭ ጀለቢያቸው በጎማ ጥቀርሻ ጠቆረ፣ ባለቤታቸው በኋላ ስንት ጊዜ ቢያጥቡትም አልለቀቀም።

ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አልገደደኝም። የአገሬ ሰዎች እየተሯሯጡ መጡና በሐጁ ላይ አጉረመረሙ፤ እንዲህ መንገድ ላይ ሰው ይረዳል? እኔ የጮህኩት በእነሱ ላይ ነው። እያወቃችሁ አብራችሁኝ ሻይ ጠጣችሁ፣ እያወቃችሁ አሳቃችሁኝ አልኳቸው። ለእኔ አስበው እንደሆነ ይገባኛል፣ ያን ጊዜም ይገባኝ ነበር። ሆኖም ደብቀው ካሰቡልኝ ይልቅ ሮጠው የመጡልኝን ወደድኩ። ሐጁ ለቅሶ በተቀመጥኩበት ሁሉ ከሕዝበ ክርስቲያኑ መሃል ወንበር ይዘው ንፍሮ እየቆረጠሙ ዋሉ።

ሠልስቱ ላይ ሰው ሲሳሳ የአገሬን ልጅ «ማን ተኮሰለት?» ብዬ ጠየቅሁት።

ምንጣፉን አየ። «ማንም» አለ።

«ምንሽሩ እያለ?»

«ምንሽሩ የታለና? አንተን የላከ ጊዜ ሸጦት የለም እንዴ።»

በሬ አልተሸጠም ነበር። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ምንሽሩ የአያቴ ስለነበር አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ «የአባታችንን ጠመንጃ ለሱዳን መንገድ ለወጥከው» ብሎ ከአባቴ ተቆራረጠ። ከዚያ ወዲያ አንድ አጥር እየተካፈሉ ሳይነጋገሩ ኖሩ። አባቴ ሰርግ ላይ ዱላውን ይዞ ጥግ ሲቀመጥ እኔ ካርቱም ሆኜ «ምንሽሩስ?» እለዋለሁ። እሱም ደህና ነው ይለኛል።

ለእናቴ ደወልኩ። አጎቴ ክላሽ አለው፤ ቢጣሉስ፣ ሬሳ ፊት እንዴት ጨከነ? አልኳት።

«ጠመንጃ ለሸጠ ሰው አልተኩስም አለ» አለችኝ። «ሽማግሌ ለመነው፣ ቄሱ ለመኑት፣ እንቢ። እሱ ታናሹ እያለ ባዳ ደፍሮ አይተኩስ። አባትህ በዝምታ ነው የገባ ልጄ።»

በዝምታ የምትለዋ ቃል አቃጠለችኝ። አደራ ያለኝ ለጨዋታ እንዳልነበረ፣ የሚሸኘው ሌላ ሰው እንደሌለ አውቆ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንዳልሄድ የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፎበታል፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ እናቴም ከእንግዲህ የምትኖረው እኔ በምልክላት ነው።

ይህንን ሁሉ ለሐጁ ነገርኳቸው። በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «አርባውን ታወጣላችሁ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ተዝካር አለ። አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል።»

«እንግዲያው አርባው ላይ ትተኩስለታለህ። አጎትህም ባለበት፣ በስልክ።»

«ይሰማል?»

«ኢንሻላህ» አሉ፣ ከዚያ በላይ ማለት ስላልቻሉ።

በአርባው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከኒሙ ሥር ተቀመጥን። ያለወትሯቸው ግንባሬን ራሳቸው አሰሩልኝ። እርሳሱ ቀልጦ ልቀዳ ጎንበስ ስል ዓይኔ ሞላ። ሐጁ እጄን ያዙ። «ያ ወለዲ፣ ራቅ ብለህ አልቅስና ና። እዚህ ላይ ጠብታ አይሆንም።» ግድግዳው ሥር ሄጄ አለቀስኩ። ተመለስኩና ጥቂት አረር አፈሰስኩ። እንደገና መጣብኝ፣ እንደገና ሄድኩ። ሐጁ አንድም ጊዜ ቶሎ በል አላሉኝም፤ እርሳሱ እንዳይረጋብኝ ከሰሉን እያራገቡ ይጠብቁኛል። እንዲህ ስንል ዋልን።

ቀለሆቹን ሲሞሉ ባሩድ እንዲጨምሩ ለመንኳቸው። ድምፁ ጥፊ ያህል ነው፤ ለአንድ ሰው ለቅሶ ያንሳል፤ አጎቴ ይስቅብኛል አልኳቸው።

«ለእናትህ ሌላ ለቅሶ አልልክላትም» አሉኝ። በዚህም አበቃ።

ያ ዓመት ቤንዚን የጠፋበት ነበር። ሐጁ ቅዳሜ ማለዳ ሊወስዱኝ ሲመጡ ዓይናቸው ደም ለብሷል፤ ነዳጅ ማደያ ተሰልፈው እንዳደሩ የነገሩኝ እርሳቸው አይደሉም፣ ባለቤታቸው ናቸው። በረሃ ወጥተን የስልክ ምሰሶው ራቅ ብሎ የሚታይበት ጉብታ ላይ ቆምን። ካርቶን አልያዝንም። እናቴ ስልኩን ጎረቤት ድምፁን ከፍ አድርጎላት ከዳሱ መሃል መደብ ላይ አስቀምጣዋለች። የሰው ጫጫታ፣ የቄሶች ድምፅ፣ የዕቃ ኳኳታ ይሰማኛል። ቀደም ሲል ለብቻዬ መክራኛለች፤ አባትህ የገደለውን አውሬ ጥራ፣ የአያትህን ስም ጥራ፣ የጠመንጃውን ነገር ግን እንዳታነሣ ብላኛለች። አጎትህ ዳሱ ውስጥ አለ ብላኛለችም፣ በሩ አጠገብ፣ ክላሹን ታቅፎ።

ሐጁ ስልኬን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ያዙልኝ።

ፎክሬ አላውቅም። ሰው አገር የኖረ ወንድ አንገቱን መድፋት እንጂ መፎከር ከየት ይለምዳል? የአባቴን ፉከራ ግን ልጅ ሆኜ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። እሱን ልል አፌን ከፈትኩ።

«ዘራፍ!» አልኩ። ድምፄ ተሰበረብኝ። አቀናሁት።

«ዘራፍ! የጠመንጃ ሻጩ ልጅ!»

በስልኩ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ጸጥ አለ።

«ምንሽሩን ሸጦ ልጁን የገዛ! እሱ ጥግ ተቀምጦ ልጁን ያቆመ! የሱ ልጅ ነኝ!»

ቤት አልመታም፣ ግድም አልሰጠኝ። በደረቴ አልተኛሁም፤ ቆሜ፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋው ቁልል አዙሬ፣ ትንፋሼን ግማሹን አወጣሁና ምላጩን ጠበቅሁት። ጥፊ ያህል ጮኸ። አቧራ ተነሣ። ቀለሁን አውጥቼ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ከዚያ ትከሻዬን እያመመኝ ቆምኩ።

ከስልኩ ምንም የለም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሐጁን አየኋቸው፤ እርሳቸው ወደ ላይ አንጋጠው ስክሪኑን አዩና አልተቋረጠም ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ስልኩን ግን አላወረዱትም። አጎቴ ይስቅ እንደሆነ አዳመጥኩ። አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አንዲት ሴት «ወዴት ነው?» አለች። እናቴ መሰለችኝ «ተዪው» ያለቻት። ኮቴው ከስልኩ ራቀ፣ ወደ ውጭ።

ከዚያ የማውቀው ድምፅ፣ ከአባቴ ድምፅ የማይለይ፣ ከሩቅ መጣ።

«ዘራፍ! የጠመንጃ ሻጩ ወንድም!»

ክላሹ አንድ ጊዜ ጮኸ። ስልኩ መሸከም አቅቶት ተንጫረረ፣ ሐጁ ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ። ከኋላው የሴቶቹ ለቅሶ ገነፈለ፣ ያን ዕለት እንደ ሞተ።

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ሐጁ ስልኩን እንደያዙ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ማነው?» አሉኝ።

«የአባቴ ወንድም ነው» አልኳቸው።